ልብስ ጠባቂዋ

ልጆች ሆነን ባሕር ዳር ላይ ወንድሞቼ ጣና ሊዋኙ ሲሄዱ ልብስ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። እነሱ ውሃው ውስጥ ሲንቦጫረቁ እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሱሪና ሸሚዛቸውን አያለሁ። ካበሳጩኝ ልብሳቸውን ይዤ እሮጣለሁ። ያኔ የነበረኝ ሥልጣን ያ ብቻ ነው።

ይኸው ስንት ዓመት ቆይቼ፣ እንግሊዝ አገር መጥቼም ያው ሥራ አገኘኝ።

የሥራ ባልደረባዬ ከእንግሊዟ የወደብ ከተማ ከዶቨር ተነስቼ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር አቋርጬ ፈረንሳይ ድረስ እዋኛለሁ ስትል መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀጥታው ብቻ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥ ብሎ የሚዋኝ ደግሞ የለም፤ የባሕሩ ፍሰት አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስለሚጎትት መንገዱ እባብ የሄደበት ይመስላል። «ጀልባው ላይ አብረሽኝ ሁኚ» አለችኝ። ዋና እንደማልችል ነገርኳት። «ዋናተኛማ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው ‹ደህና ነኝ› ስል መዋሸቴን የሚያውቅ ሰው ነው።»

የእንግሊዝን ብርዳማ ክረምትና ጸደዩን ስንመላለስ ከረምን። ዶቨር ወደብ ውስጥ፣ ጠጠሩ ላይ፣ ቅዳሜና እሑድ ዋናተኞች ይሰበሰባሉ። ፍሬዳ ስትሪተር የሚባሉ እናት እዚያው ዳርቻ ላይ ለዓመታት ስንቱን አሰልጥነው አሻግረዋል፤ ልጃቸው አሊሰን ብቻዋን 43 ጊዜ ተሻግራዋለች። ለመሻገር እንዲፈቀድ በመጀመሪያ 16 ዲግሪና ከዚያ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ስድስት ሰዓት መዋኘት ግድ ነው። ያን ዕለት ጓደኛዬ ስትወጣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፣ ጣቷ ዚፕ አይዝም። እኔ አለበስኳት። የሕፃን ልጅ እናት ነው የመሰልኩት።

ነሐሴ ላይ ተራዋ ደረሰ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ጨለማ ነው። አንገቷንና ብብቷን ቫዝሊን ቀባኋት። ተራ የዋና ልብስ፣ ቆብ፣ መነጽር፤ ሙቀት የሚይዝ ልብስ አይፈቀድም። ጀርባዋ ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አስረንላት ገባች። ከዚያ በኋላ የማየው ያቺን መብራት ብቻ ነው።

ደንቡ ጨካኝ ነው። ጀልባውን ከነካች፣ ወይም ሰው ከነካት፣ አለቀ። ደንቡ መከበሩን የሚመዘግበው ታዛቢ ወረቀቱን ይዞ እዚያው ተቀምጧል። ምግቧን በጠርሙስ አድርጌ በገመድ እወረውርላታለሁ፤ ለብ ያለ የዱቄት መጠጥ ነው፣ አጥሚት በሉት። በጀርባዋ ተንሳፋ ትጠጣለች፣ ጠርሙሱን ትለቃለች፣ እኔ ገመዱን እስባለሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ይኸው ነው። በመሃሉ እኔ በጀልባው በሌላኛው በኩል አስመልሳለሁ። ሳታየኝ ነው ብዬ ነበር፤ ለካ አይታኛለች። ነጭ ሰሌዳው ላይ በአማርኛ «አይዞሽ» ብዬ እጽፍላታለሁ። ፊደል አታውቅም፣ ግን ቅርጹን ለምዳዋለች። ሥራ ቦታ ሁሌ ስለምላት ትርጉሙንም ታውቃለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ጀልባ ላይ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው አንድ ነገር አለ፦ ስንት እንደቀራት እንዳትነግሪያት። ሺህ ጊዜ ተነግሮኛል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የፈረንሳይ ተራራ ፍንትው ብሎ ታየኝ። ቤቶቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። ጠርሙሱን ስወረውርላት አፌ አመለጠኝ፤ «ደርሰናል!»

የእኛ ሰው ነገር። ገና ጫማውን እየፈለገ «ደርሻለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ» የሚል ሕዝብ ልጅ አይደለሁ?

እሷ ግን እንግሊዛዊት ናት፣ አመነችኝ። ያላትን አውጥታ ዋኘች። ወዲያው የባሕሩ ፍሰት ዞረና ወደ ጎን ይወስዳት ጀመር። ካፕ ግሪ ኔ የሚባለው፣ ለእንግሊዝ የሚቀርበው የፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ጫፍ፣ ከፊታችን ሆኖ ሳለ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ሸሸ። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። ቤቶቹ አልተጠጉም። በሚቀጥለው ጠርሙስ ላይ ቀና ብላ አየችኝ እንጂ ምንም አላለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ካፒቴኑም ዝም አለኝ። እጄ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ ብዘረጋው ይደርሳል። ብዘረጋው ደግሞ የሁለት ዓመት ልፋቷ ገደል ይገባል። እጄን ብብቴ ውስጥ ወሸቅኩት።

ሰሌዳውን አንስቼ «ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ቃል አይታው አታውቅም። ስታነበው፣ ማለቴ ስታየው፣ «አይዞሽ» አለችኝ። ውሃ ውስጥ ሆና፣ እኔን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው ድንጋዩን የረገጠችው። ከተነሳች 15 ሰዓት አልፏል። በእጅ በጉልበቷ እየዳኸች ወጣች፣ ተንሸራተተች፣ እንደገና ወጣች። ማንም አልያዛትም። ከውሃው ሙሉ በሙሉ መውጣቷን ታዛቢው ካየ በኋላ ነው ጥሩምባው የተነፋው።

ጀልባው ላይ ስትመለስ ፎጣውን ዘርግቼ ቆምኩ። ጨው ምላሷን አሳብጦት ስታወራ አይገባኝም። ካልሲዋን አደረግኩላት፣ ኮፍያዋን ሳብኩላት። የሰጠኋትን ሻይ አልቀመሰችም፤ በሁለት እጇ አቅፋ ያዘችው ብቻ። ከዚያ ፈረንሳይን በአገጯ እያመለከተች አንድ ነገር አለች። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«አሁን ደርሰናል?»

«አዎ» አልኳት። ታዛቢውን ዞራ አየችው።