«ጨምረህ አሙቀው» ያሉኝ ሰዎች

በሩቢዲየም ተን፣ ዜሮ መግነጢሳዊ መስክ አጠገብ የሚሠራ ማግኔቶሜትር (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) ልትሠሩ ከሆነ ይህችን ቀድማችሁ አንብቡ። እኔን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም።

ሐሳቡ ደስ ይላል። ሁለት አተሞች ሲጋጩ የኤሌክትሮን ስፒናቸውን (እንደ ትንሽ መግነጢስ የሚያደርጋቸውን ባሕርይ) ይለዋወጣሉ። የስፒኑ ድምር አይጠፋም፤ አተሞቹ ግን ከአንዱ ሃይፐርፋይን ደረጃ (እጅግ ከተቀራረቡት የአተሙ ኢነርጂ ደረጃዎች አንዱ) ወደ ሌላው ይዘላሉ። ሁለቱ ደረጃዎች ደግሞ በመስኩ ዙሪያ የሚዞሩት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። በሌዘር የተሰለፈው ስፒን የሚበተነው ለዚህ ነው። መስኩ ከቀነሰና ግጭቱ ከበዛ ግን የአተሞቹ ስፒኖች ተለያይተው ለመዞር ጊዜ አያገኙም። የሬዞናንስ መስመሩ (መስኩ ዜሮን ሲያቋርጥ የሚታየው ጉብታ) ይጠባል። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ሃፐርና ታንግ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳዩት ይህንኑ ነው።

ሌዘሩን 795 ናኖሜትር ላይ ማምጣት፣ የመግነጢስ መከላከያውን መግጠም በትዕግሥት ያልፋል። እኔን ያበሳጨኝ መስመሩ አልጠብም ማለቱ ነው። ማንንም ብጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ተኑ ሳስቶ ነው፣ ጨምረህ አሙቀው።» 150 ዲግሪ ደረስኩ። ባሰበት! ቲዎሪው ይጠባል ሲል የእኔው ጭራሽ ይሰፋል። የማሞቂያው መመሪያ ደግሞ «መግነጢሳዊ ተጽዕኖ የለውም» ይላል፣ በደማቁ።

በመጨረሻ ማሞቂያውን ድርግም አደረግኩት። ሴሉ (ተኑን የያዘው የመስታወት ዕቃ) ወዲያው አይቀዘቅዝም። ኦሲሎስኮፑ ላይ ያ ድፍን ጉብታ ዓይኔ እያየ ሾለ። ለካ ጥፋቱ የማሞቂያው ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ) ጅረት የሚፈጥረው መስክ ነው! መስኩን በአንድ አቅጣጫ እያመላለሳችሁ ስትለኩ፣ በሌሎቹ ሁለት አቅጣጫዎች የቀረ መስክ መስመሩን ያሰፋዋል። ሙቀት በጨመርኩ ቁጥር ጅረት፣ ጅረት በጨመረ ቁጥር መስክ እየጨመርኩ ነበር። አሁን ማሞቂያዬ በአሥር ሺዎች ኸርዝ በሚቆጠር ኤሲ (አቅጣጫው በሚቀያየር ጅረት) ይሠራል፤ ሄዶ የሚመለሰው ሽቦም እርስ በርሱ ተጎንጉኗል። መመሪያውን ተዉት፤ አጥፍታችሁ እዩ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ሌዘሩን ሩቢዲየም ብቻ ባለበት ማጣቀሻ ሴል አስተካክሉ ይባላል። እኔ አልስማማም። በእናንተ ሴል ውስጥ ናይትሮጅን ካለ ሩቢዲየሙ ብርሃን የሚውጥበት መስመር ወደ ቀይ (ወደ ረዥም የሞገድ ርዝመት) ይሸሻል። ከመስመሩ መሃል የወጣ ክብ ፖላራይዝድ (ሞገዱ እየተሽከረከረ የሚጓዝ) ብርሃን ደግሞ በጨረሩ አቅጣጫ ራሱ እንደ መስክ ይሆናል። የሌዘሩን ኃይል በግማሽ ቀንሳችሁ ዜሮውን (መስኩን የሚያጠፋውን የኮይል ጅረት) እንደገና ፈልጉ። የኮይሉ ጅረት ከተቀየረ ያ ዜሮ የብርሃኑ እንጂ የመስኩ አይደለም። ሌዘሩን እዚያው የምትለኩበት ሴል ላይ አስተካክሉት።