በላንካስተር ሆድ ውስጥ ያሳለፍኩት ሰዓት

በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት፣ በሃሚልተን አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የካናዳ የጦር አውሮፕላኖች ቅርስ ሙዚየም ይገኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከተሠሩት 7,377 የላንካስተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች መካከል ዛሬም መብረር የሚችሉት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ አንዱ ያለው እዚህ ሙዚየም ውስጥ፣ ሌላው ደግሞ በብሪታንያ አየር ኃይል እጅ ነው። የሃሚልተኑ ላንካስተር ክፍያ ለፈጸሙ ጥቂት መንገደኞች የመሳፈር ዕድል ይሰጣል፤ እኔም ለዓመታት ስመኘው የቆየሁትን ይህን በረራ በአንድ የሐምሌ ጠዋት አገኘሁት።

ወደ ውስጥ የሚገባው በስተቀኝ ከጭራው አጠገብ ባለች ትንሽ በር፣ በአጭር መሰላል ነው። ላንካስተር መሬት ላይ ሲቆም ጭራው ዝቅ፣ አፍንጫው ከፍ ስለሚል፣ ገና እግር ሲገባ ወለሉ ዳገት ሆኖ ይጠብቃል። ያ ወለል የቦምብ ማስቀመጫው ጣራ ነው። ማስቀመጫው ምንም ሳይከፋፈል 10 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አውሮፕላኑን ለጦርነቱ እጅግ ተፈላጊ ያደረገውም ይኸው ሰፊ ሆዱ ነበር። ሰባቱ የበረራ ቡድን አባላት ማለትም አብራሪው፣ የበረራ መሐንዲሱ፣ ናቪጌተሩ (የበረራውን አቅጣጫ የሚመራው)፣ ቦምብ ጣዩ፣ ራዲዮ ኦፕሬተሩና ሁለቱ መትረየስ ተኳሾች የሚሠሩት ቦምቡ ከወሰደው ቦታ በተረፈው ነው። ይህን ቀደም ብዬ አንብቤው ነበር፤ በትክክል የገባኝ ግን ጎንበስ ብዬ ወደ ፊት መሄድ ስጀምር ነው።

ከሁሉ በላይ ከአእምሮዬ የማይጠፋው የክንፉ ዋና አግዳሚ ነው። ሁለቱን ክንፎች የሚሸከመው ይህ አግዳሚ የአውሮፕላኑን ሆድ ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ከጭራ ወደ አብራሪው ክፍል የሚሄድ ሰው በጠባቡ ቦታ ውስጥ ሆዱን አስደግፎ፣ እግሮቹን አንድ በአንድ አንስቶ መሻገር ይኖርበታል። ጠርዙን ስይዝ ቅዝቃዜው መዳፌ ውስጥ ገባ። ቀለሙ በብዙ እጅና በብዙ ጉልበት ተፍቆ፣ ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም ያብለጨልጭ ነበር። የሚረዳን የሙዚየሙ ባልደረባ ራሴን እንዳልመታ በእጁ ጣራውን ከልሎልኝ ተሻገርኩ።

አራቱ የመርሊን ሞተሮች እያንዳንዳቸው ባለ 12 ሲሊንደርና ባለ 27 ሊትር ናቸው። አንዱ ሲነሳ ፕሮፔለሩ ጥቂት ይንገዳገዳል፣ ሰማያዊ ጭስ ያስነጥሳል፣ ከዚያም ድምፁ ይስተካከላል፤ አራቱም ሲነሱ ግን ድምፁ በጆሮ የሚሰማ ነገር መሆኑ ቀርቶ ደረት ውስጥ ይገባል። ከመሬት ለመነሳት ስንንደረደር መጀመሪያ የተነሳው ጭራው ነበር፤ ያ ዳገት የነበረው ወለል በአንድ ጊዜ ሜዳ ሆነ፣ ወዲያውም ከመሬት ተላቀቅን። ቀበቶ መፍታት ሲፈቀድልን በየተራ ወደ ፊት እያለፍን፣ በጎን መስኮት የኦንታሪዮን ሐይቅና ከሞተሩ ሽፋን ላይ ወደ ኋላ የተሳበውን የዘይት መስመር አየን። በጣም ያምር ነበር፤ ይህን መሸሸግ አልፈልግም።

ይህ አውሮፕላን የተሠራው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1945 በመሆኑ በአውሮፓው ጦርነት ላይ አልደረሰም። ከጦርነቱ በኋላ በባሕር ላይ ቅኝትና በነፍስ አድን ሥራ አገልግሎ፣ ለዓመታት ጎደሪች በተባለች ከተማ ተተክሎ ከቆየ በኋላ ተጠግኖ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1988 እንደገና በረረ። ጎኑ ላይ የተጻፉት ፊደላት የሌላ ላንካስተር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1944 በአንድ ሌሊት በሰሜን ፈረንሳይ ካምብሬ አቅራቢያ ተመትቶ የወደቀው። በዚያ ሌሊት የጭራው ተኳሽ ፓት ብሮፊ የተቀመጠበት፣ መትረየሱ የተተከለበት ተሽከርካሪ ጎጆ ተቆልፎበት ነበር። የላይኛው ተኳሽ አንድሩ ማይናርስኪ ለመዝለል ተዘጋጅቶ ሳለ ይህን አይቶ፣ በእሳት መካከል ወደ ጭራው ዳኸ፤ በመጥረቢያና በባዶ እጁ በሩን ለማስለቀቅ ታገለ። ብሮፊ ተወኝና ሂድ ብሎ ሲያመለክተው፣ ልብሱና ፓራሹቱ እየተቃጠሉ ቆሞ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጥቶት ዘለለ። ማይናርስኪ በቃጠሎው ሞተ፤ ዕድሜው 27 ነበር። ብሮፊ ግን አውሮፕላኑ መሬት ሲመታ ተወርውሮ ወጥቶ ተረፈ፤ ጓደኛው ከሞተ በኋላ የብሪታንያ ከፍተኛው የጀግንነት ሽልማት የሆነው የቪክቶሪያ ክሮስ ሜዳይ የተሰጠውም በእሱ ምስክርነት ነው።

ወደ ጭራው ዞሬ ሳይ ይህ ታሪክ ቅርጽ ያዘልኝ። የጭራ ተኳሽ ቦታው ስለሚጠብበት ፓራሹቱን ታጥቆ አይቀመጥም፤ ከጀርባው ካሉት በሮች ውጭ ይሰቅለዋል። ከፊት ያሉት ደግሞ አግዳሚውን ተሻግረው ወደ ኋላው በር መድረስ ስለሚከብዳቸው፣ መውጫቸው በአፍንጫው ወለል ላይ ያለው ጠባብ ቀዳዳ ነው። በኋላ በፊዚክስ ስመ ጥር የሆነው ፍሪማን ዳይሰን በወጣትነቱ ለብሪታንያ አየር ኃይል የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ዕዝ በጥናት ክፍል ሲሠራ፣ ተመትተው ከወደቁ ላንካስተሮች በሕይወት የሚወጡት ሃሊፋክስ ከተባለው ሌላ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከሚወጡት በጣም ያነሱ መሆናቸውን አስተውሎ፣ ቀዳዳው እንዲሰፋ የተደረገው ጥረት ግን በጣም መዘግየቱን በቁጭት ጽፏል። ከዕዙ የበረራ አባላት 55,573 ሞተዋል። በጀርመን ከተሞች በሃምበርግና በድሬስደን ከበታቻቸው የሞቱት ሲቪሎች ደግሞ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ የረገጥኩት ወለል የተሠራው እነሱ ላይ ለተራገፈው ጭነት መሆኑን ረስቼ ስለ ሞተሮቹ ድምፅ ብቻ ብጽፍ ታማኝነት አይሆንም።

ካረፍንና ሞተሮቹ ከጠፉ በኋላ፣ ከራዲዮ ኦፕሬተሩ ወንበር እስከ ኋላው በር ያለውን መንገድ ሆን ብዬ በሰዓቴ ለካሁት። አውሮፕላኑ በጠራራ ፀሐይ መሬት ላይ ቆሞ፣ ወፍራም የበረራ ልብስም ሆነ ፓራሹት ሳይኖረኝ፣ የሙዚየሙ ባልደረባ አግዳሚው ላይ ክንዴን ይዞ እየደገፈኝ 52 ሰከንድ ወሰደብኝ።