ዝናብ ሲመጣ የሚጠፋው ኢንተርኔት

የቤታችን ኢንተርኔት ከክረምት ጋር አይስማማም ነበር። በበጋ ደህና ይሠራል። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠና ግን ይቆራረጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ነው። መስመራችን የድሮው የመዳብ የስልክ ሽቦ ነው፤ ኤዲኤስኤል የሚባለው። ፋይበር እኛ ብሎክ ስላልደረሰ ያለውን ማከም ነበረብኝ።

ደውላችሁ አቤት ስትሉ የሚሰጣችሁን መልስ ታውቁታላችሁ፦ «ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት።» ምክሩ አይከፋም፤ አንዳንዴም ይሠራል። ግን ብልሽቱ የቱ ጋ እንደሆነ አይነግራችሁም። እኔ ደግሞ ማወቅ የፈለግኩት እሱን ነው። ችግሩ ከሞደሙ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?

መጀመሪያ ዋይፋዩን ተውኩት። ላፕቶፑን በገመድ ቀጥታ ሞደሙ ላይ ሰካሁና ሁለት ፒንግ ጎን ለጎን ከፈትኩ፤ ፒንግ «አለህ?» ብሎ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ የሚለካ መሞከሪያ ነው። አንዱ ወደ ራሱ ሞደም፣ ወደ 192.168.1.1 ነው። ሌላው ውጭ ወዳለው 8.8.8.8፣ ወደ ጉግል። ዝናቡ መጣ፤ ኢንተርኔቱም ሄደ። ሞደሙ ያለ ምንም ችግር ይመልሳል፣ ጉግል ጋ ግን ድምፅ የለም። እንግዲህ ላፕቶፑም ዋይፋዩም ነፃ ወጡ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሞደሙን ገጽ ከፍቼ የመስመሩን ሁኔታ አየሁ። እዚያ ውስጥ ብዙ ሰው የማያየው ቁጥር አለ፤ ኖይዝ ማርጂን ይባላል። ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል ከፍ እንደሚል በዲሲብል ያሳያል። አብዛኛውን ጊዜ ከ6 በታች ሲወርድ መስመሩ መንገዳገድ ይጀምራል። የኛ በደረቅ ቀን 11 አካባቢ ነው። በዝናብ 3 እና 4 ላይ ይወርዳል፣ የስህተቱም ቆጣሪ ይሮጣል።

ለማረጋገጥ ሞደሙን ነቀልኩና ተራውን የቤት ስልክ ብቻ ሰክቼ አዳመጥኩ። ሞደሙን መንቀል ግድ ነው፤ አለዚያ የራሱ ድምፅ ያሳስታችኋል። ስልኩ እንደሚጠበስ ሽንኩርት ይንጫጫል። ወደ መኝታ ቤት የሄደውን ቅጥያ ሽቦ ፈትቼ እንደገና ሞከርኩ፤ ለውጥ የለም። ስለዚህ ጣጣው ከበራችን ውጭ ነው።

ከዚያ በኋላ ስደውል «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» አላልኩም። «ዝናብ ሲዘንብ ስልኩም ይንጫጫል፣ ማርጂኑም እዚህ ድረስ ይወርዳል» አልኩ። ንግግሩ ወዲያው ተቀየረ። ሊጠግን የመጣው ልጅ የቁጥሮቹን ፎቶ ስልኬ ላይ አየና ቤት ሳይገባ ቀጥታ ወደ ደረጃው ሥር ወረደ። የማከፋፈያው ሳጥን ክዳን ተገንጥሏል። «ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝማ» አለና ሽቦዎቹ የተጋጠሙበትን ቦታ አሳየኝ። መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ውሃ ገብቶ በልቶታል። ጫፎቹን ቆርጦ፣ ውስጡ ጄል ባለው ማያያዣ አዲስ አድርጎ ገጠመልን። ክዳኑን ያሠራው የብሎካችን ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴ እንዲህ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም።

መቆራረጡ ቆመ። ማታ ማታ ግን አሁንም ይንቀራፈፋል። ይሄኛው ሌላ በሽታ ነው።

አንዱ ምክንያት ዋይፋዩ ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ሁሉ ሞደም አንድ አየር ላይ ይጋፋል። ብዙ ሞደም በሚጠቀምበት የዋይፋይ ሞገድ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። በስልክ የሚሠራ የዋይፋይ ማያ አፕ አውርጄ ሳይ፣ አብዛኛው ጎረቤት 6 ላይ ተጠቅጥቋል። ወደ 11 ቀየርኩ። ሞደሙንም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቼ ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጥኩት።

ትልቁ ምክንያት ግን ማንም የማይጠረጥረው ነው፦ መላክ። በኤዲኤስኤል የመላኪያው መንገድ ከማውረጃው በጣም ጠባብ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው ዋይፋይ ሲያገኙ ስልካቸው ፎቶና ቪዲዮውን ወደ ክላውድ መጫን ይጀምራል። መላኪያው ሲሞላ ማውረዱም አብሮ ይታነቃል። ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የሚያወርደውን እያንዳንዱን ነገር «ደርሶኛል» ብሎ መመለስ አለበት፤ ያ መልስ ደግሞ ከቪዲዮው ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ለማየት ቀላል ነው። ፒንጉን ክፍት አድርጋችሁ አንድ ረጅም ቪዲዮ ላኩ፤ የመልሱ ጊዜ ከአሥሮች ሚሊሰከንድ ወደ መቶዎች፣ አንዳንዴም ወደ ሺህ ይዘላል።

አንድ ነገር ልጨምር። 4 ሜጋ የገዛ ሰው በሰከንድ 4 ሜጋባይት አያወርድም። የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ የሚደርሳችሁ ቢበዛ ግማሽ ሜጋባይት ነው። ጎረቤቴ «ተጭበረበርኩ» ብሎ ሲቆጣ የነበረው በዚህ ነው፤ መስመሩ ምንም አልሆነም።

የልጆቹን ፎቶ መጫን ቀን ቀን አጠፋነው፣ ለመኝታ ሲገቡ ይከፍቱታል። ትልቋ ልጄ ትንሽ አጉረመረመች። አሁን የቪዲዮ ስብሰባዬ ላይ ፊቴ ደርቆ አይቀርም።