ቀለም የሚጠጣ ወረቀት

ዛሬም ዝናቡ ከቤት አላስወጣ አለኝ። ነሐሴ ጎንደር ላይ እንዲህ ነው። እህቴ ከውጭ ስትመጣ ያመጣችልኝን የጃፓን ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ዋሺ ይሉታል። ኮዞ ከሚባል ቁጥቋጦ ልጥ ነው የሚሠራው። ወደ መስኮቱ ከፍ ሳደርገው ልክ እንደ ነጠላ ክሩ ይታያል።

የመጀመሪያውን ቅጠል ባለፈው ሳምንት አበላሽቼዋለሁ። በለመድኩት ቀጭን የብረት ብዕር ጀመርኩ። ጫፉ አንዷን ክር ነቅሶ ጎተታት፣ ወረቀቱ ጠጉር አወጣ። ቀለሙ ደግሞ ካሰመርኩበት አልቆም አለ፣ ግራና ቀኝ ሸሸ። ተራ የመጻፊያ ወረቀት ሲመረት ቀለም ቶሎ እንዳይመጥ የሚያደርግ ነገር ይገባበታል። የኔው ይሄ የለውም፤ እንደ ኩራዝ ክር ይስባል። ስስ የጀላቲን ውሃ ቢቀቡት ይቀንሳል። እኔ ግን አልቀባሁትም። መጠጣቱን ከከለከልኩትማ ምኑን ዋሺ ሆነ?

አያቴ ብራና ላይ ሲጽፉ አይ ነበር። እዚያ ቀለሙ ከላይ ይቀመጣል። ሲሳሳቱ ጠብቀው፣ ሲደርቅ በምላጭ ፋቅ ፋቅ ያደርጉታል። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላሉ። እዚህ ግን ፍቄ ብል ቀዳዳ ነው የማተርፈው። የሚገርመው ቀለሙ ዘመዳሞች ናቸው፤ የአያቴም የጃፓኑም ከጥላሸት ነው።

ዛሬ ብሩሽ ያዝኩ። ነክሬ ጨርቅ ላይ ጠረግ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ። የሞከርኩት ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ መላእክት አንዱን ነው። እነሱን ከልጅነቴ ጀምሮ አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጥጬ አይቻቸዋለሁ። ፊቱ እንዲሁ ወጣ፣ ቅንድቡም አላስቸገረኝም። ችግሩ ዓይኑ ላይ ነው። ብሌኑን ለማድረግ የብሩሹን ጫፍ አሳርፌ ቆየሁ፣ ነጥቧ እያየኋት አደገች። ጤፍ የምታህል ነበረች፣ ምስር አከለች። በፍጥነት አነሳሁት። ብሩሹ ከተነሳም በኋላ ትንሽ ሄደች።

ለሁለተኛው ዓይን በሆዴ "አንድ" ብዬ አነሳሁ። አነሰ! ስለዚህ የኔ መልአክ በአንድ ዓይኑ አፍጥጦ በሌላው ይጠራጠራል። ሳቄ መጣ። እውነቱን ለመናገር ከተስተካከለ ይልቅ እንዲህ ሆኖ ወደድኩት።

እማዬ ቡና ደርሷል ልትለኝ ገባች። ዋሺውን ጥጉን ይዤ ቀስ ብዬ ሳነሳው ሥሩ ያነጠፍኩት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ሌላ ፊት ታትሟል። ቀለሙ ዘልቆ ነው። ቅንድቡ ተቆራርጧል፣ ሁለቱ ዓይኖች ግን ጥርት ብለው ወርደዋል።

"ይሄኛው ይሻላል" አለች፣ ጋዜጣውን እያሳየችኝ።

ውድ ወረቀቱ እህቴ ጋ ይሄዳል። ጋዜጣውን እማዬ ወስዳ ቡፌው ላይ አቁማዋለች።