ከጆርኒ «ፍሪደም» ጋር የዋልኩበት ቅዳሜ

ዛሬ ቤት እያጸዳሁ የአሜሪካኑን የሮክ ባንድ የጆርኒን «ፍሪደም» አልበም ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። እ.ኤ.አ. በ2022 ነው የወጣው። ከሱ በፊት ያለው «ኢክሊፕስ» የ2011 ስለሆነ አድናቂው 11 ዓመት ጠብቋል።

የመጀመሪያው ዘፈን በፒያኖ ይጀምራል። የአርኔል ፒኔዳ ድምፅ ሲገባ መጥረጊያውን ጥዬ ቁጭ አልኩ። ሰውየው ፊሊፒናዊ ነው። ገና ልጅ ሳለ እናቱ ሞተውበት ማኒላ ውስጥ ጎዳና ወጥቷል፤ ሉኔታ ፓርክ ውስጥ ያድር ነበር። በ2007 ጊታሪስቱ ኒል ሾን ዩቲዩብ ላይ ሲዘፍን አየውና ፈልጎ አስጠራው። ይኸው ዛሬም የባንዱ ድምፅ እሱ ነው። ታሪኩን ባውቀውም ባሰብኩት ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ከበሮውን የሚመታው ናራዳ ማይክል ዋልደን ነው፤ ለዊትኒ ሂውስተን ዘፈኖች ፕሮዲዩስ ያደረገው። ቤዝ ጊታሩ ላይ ደግሞ የዘፈን ውድድሩ የአሜሪካን አይዶል የቀድሞ ዳኛ ራንዲ ጃክሰን አለ። እንዲህ ያለ የከበሮና የቤዝ ጥምረት ከየት ይገኛል!

እውነት ለመናገር 15 ዘፈን በዝቷል። መሀል ላይ የሚመሳሰሉ ባላዶች (ቀስ ያሉ ለስላሳ ዘፈኖች) አሉ፣ ሦስት አራቱ ቢቀሩ አልበሙ ይጠነክር ነበር። «ሌት ኢት ሬይን» ግን ሌላ ነው። ጊታሩ ሻከር ይላል፣ ከበሮው ያስወዛውዛል።

የመዝጊያው «ቢዩቲፉል አዝ ዩ አር» ከ7 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ለስለስ ብሎ ጀምሮ እየጋለ ይሄዳል። ሁለቴ ደገምኩት። አልበሙን ያልሰማችሁ ከሱ ጀምሩ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ።