መዝገቡን ለሚሸነፈው አዘጋጀው

አንድ ፓርቲ በምርጫ ክፉኛ ሲሸነፍ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ለምን ተሸነፍን?» የሚለው አይደለም። «ማን ይምራን?» የሚለው ነው። ይሄኛው ይቀላል። ስም አለው፣ ፊት አለው፣ ቀን ይቆረጥለታል። የመጀመሪያው ግን ሁሉንም ይነካል።

እኔ የሠራሁት እንዲህ ባለ ፓርቲ ዋና ጽሕፈት ቤት፣ አደረጃጀት ክፍል ውስጥ ነው። የፓርቲውን ስም አልጠቅስም። የእኔ ሥራ የአባላት መዝገብ ነበር። ማን መቼ ተመዘገበ፣ በየትኛው ቅርንጫፍ ነው ያለው፣ መዋጮውን ከፍሏል ወይ፣ ስልኩ ይሠራል ወይ። ደረቅ ሥራ ይመስላል። እኔ ግን የፓርቲ ልብ እዚያ እንዳለ ያወቅኩት በዚያ የሊቀመንበር ምርጫ ነው።

በምክር ቤት ከነበሩን መቀመጫዎች ከግማሽ በላዩን አጥተናል። ሊቀመንበሩ በማግስቱ ለቀቀ። መቀመጫ ሲቀንስ ገንዘብም ይቀንሳል። ከተመራጮቻችን ጋር ይሠሩ የነበሩ ወጣቶች ዕቃቸውን በካርቶን ይዘው ሲወጡ አየን። የሚደውል ጋዜጠኛ ሁሉ የሚጠይቀው «ፓርቲው ሊፈርስ ነው?» ብሎ ነው።

ሥራ አስፈጻሚው ሲሰበሰብ አንጋፋዎቹ አንድ ዕጩ ብቻ ይቅረብና ጉባኤው በጭብጨባ ያጽድቀው አሉ። «አሁን እርስ በርስ የምንፎካከርበት አቅም የለንም» ነበር ክርክራቸው። በክፋት አይደለም። ደክሟቸው ነበር፣ ፈርተውም ነበር። ወጣቶቹ ደግሞ እያንዳንዱ አባል ድምፅ ይስጥ አሉ። አልተስማሙም። በመጨረሻ ሌሎች ፓርቲዎች ተመሳሳይ ነገር ሲገጥማቸው ምን እንዳደረጉ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅ ተባልኩ።

ያቀረብኩት የመጀመሪያ ምሳሌ የጀርመኑን የሶሻል ዴሞክራቶች ፓርቲ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ማርቲን ሹልትስን ሊቀመንበር ሲያደርጉ ዋጋ ያላቸው ድምፆች 605 ነበሩ። 605ቱንም አገኘ። መቶ ከመቶ። በዚያው ዓመት መስከረም በተደረገው አገራዊ ምርጫ ፓርቲው ያገኘው 20.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ እስከዚያ ቀን ዝቅተኛው ውጤት። በቀጣዩ ዓመት የካቲት ላይ ሹልትስ ከሊቀመንበርነቱ ወረደ። ይህን ሳነብ አንጋፋዎቹ ዝም አሉ። አዳራሹ በሙሉ ስላጨበጨበ ብቻ ከአዳራሹ ውጭ ያለው መራጭ አይመጣም። በዚህ ዛሬም አምናለሁ።

ግን የሁሉም አባል ድምፅ ብቻውን መድኃኒት ነው ብዬ አልጻፍኩም። የብሪታንያን ወግ አጥባቂ ፓርቲም አነሳሁ። በ1997 እና በ2001 በተከታታይ ከተሸነፉ በኋላ መሪ የመረጡት በአዲስ ደንብ ነበር፤ የፓርላማ አባላቱ ዕጩዎቹን ወደ ሁለት ይቀንሳሉ፣ አባላት ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ። በፓርላማ አባላቱ የመጨረሻ ዙር ኬኔት ክላርክ 59፣ ኢያን ደንካን ስሚዝ 54፣ ማይክል ፖርቲሎ 53 ድምፅ አገኙ። በአንድ ድምፅ ብልጫ ያለፈው ደንካን ስሚዝ በአባላት ምርጫ 61 በመቶ አግኝቶ መሪ ሆነ። አባላቱ ወደዱት። በየቀኑ አብረውት የሚሠሩት የፓርላማ አባላት ግን አብዛኞቹ ከጅምሩም አልመረጡትም። በ2003 ጥቅምት 90 ለ75 በሆነ ድምፅ እነሱው አወረዱት። መሪው የሚያስፈልገው ድምፅ የመረጠው ሰው ድምፅ ብቻ አይደለም። ያልመረጠው ሰው ነገ አብሮት ይሠራል ወይ የሚለው ይበልጣል።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሁሉም አባል ድምፅ ይስጥ ተባለ። ሁለት ዕጩዎች ቀረቡ። አንደኛው በስፋት የሚታወቅ፣ ትልልቆቹ ቅርንጫፎች የቆሙለት ሰው ነው። ሁለተኛዋ ከትናንሾቹ ቅርንጫፎች የመጣች፣ ስለ ሽንፈቱ ምክንያት በግልጽ የምትናገር ሴት። አስመራጭ ኮሚቴ ተቋቋመ። ደብዳቤው ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ፦ የመራጮች ዝርዝር ይቅረብ።

የተዳከመ ፓርቲ መዝገብ ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው ልንገር። የሞቱ ሰዎች አሉበት። ወደ ሌላ ከተማ የሄዱ፣ ሁለት ቦታ የተመዘገቡ፣ ለዓመታት መዋጮ ያልከፈሉ፣ አባል መሆናቸውን የረሱም አሉበት። ይህ ስንፍና ብቻ አይደለም። ቅርንጫፎች ወደ ጉባኤ የሚልኩት ተወካይ ብዛት የሚወሰነው በአባላት ቁጥር ነበር። ስም መሰረዝ ማለት ወንበር ማጣት ነው። ስለዚህ ማንም አይሰርዝም። ጉባኤው በተወካይ ሲመርጥ ይህ ተሸፋፍኖ ይኖራል። እያንዳንዱ አባል ድምፅ ይስጥ ሲባል ግን በመዝገቡ ላይ ያለው እያንዳንዱ የሙት ስም ድምፅ ሊሆን ይችላል።

ምዝገባው የሚዘጋበት ቀን ሲቃረብ ከአንድ ትልቅ ቅርንጫፍ የአዲስ አባላት ቅጽ በፖስታ ታጭቆ መጣ። ስገልጠው ደነገጥኩ። ብዙዎቹ ቅጾች በአንድ ሰው እጅ የተጻፉ ናቸው። ፊርማዎቹ ይመሳሰላሉ። መዋጮው ደግሞ በየሰው ሳይሆን ባንድ ላይ፣ በአንድ ደረሰኝ ገቢ ሆኗል። ቅርንጫፉ የታዋቂው ዕጩ ዋና ደጋፊ ነው።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ይዤው ገባሁ። አገላብጦ አየውና «እሱ እንደሆነ ማሸነፉ አይቀርም፤ ምን ያጨቃጭቀናል? አስገባውና እንለፍ» አለኝ። ሰውዬው ሌባ አልነበረም። ፓርቲው ሌላ ቀውስ አይችልም ብሎ ከልቡ ያምናል። እኔም አለቃዬ ስለሆነ ምን እንደምለው ቸገረኝ።

ቅጾቹን ይዤ ወደ ሒሳብ ክፍል ሄድኩ፤ ደረሰኙን ለማጣራት። የሒሳብ ሹማችን በዕድሜ የገፉ፣ ከፓርቲው ምሥረታ ጀምሮ የነበሩ ሴት ናቸው። ብዙ ሊቀመንበር ሲመጣና ሲሄድ አይተዋል። ሁሉንም አስረዳኋቸው።

«ኃላፊው ምን አለህ?» አሉኝ።

«ማሸነፉ አይቀርም፣ አስገባው አለኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ስማኝ ልጄ። ያሸነፈ ሰው መዝገብ አምጡ ብሎ አያውቅም። መዝገብ የሚጠይቅህ የተሸነፈው ነው። ስለዚህ መዝገቡን ለሚሸነፈው ብለህ አዘጋጀው። ማን እንደሚሸነፍ ደግሞ ዛሬ አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።»

«እና ቅጾቹን ልጣላቸው?»

«ማን ጣል አለህ? ደውልላቸው እንጂ። ሰው ከሆኑ ያነሳሉ። ግን የዚህን ቅርንጫፍ ብቻ ካጣራህ ለሴትዮዋ ሠራህ ይሉሃል። የሁሉንም አጣራ።»

አስመራጭ ኮሚቴው ዘንድ አቀረብነው። የሁለቱ ዕጩዎች ወኪሎች ባሉበት ነው የተወሰነው። ከተወሰነ ቀን ወዲህ የተመዘገበ ሁሉ፣ የየትኛውም ቅርንጫፍ ይሁን፣ በስልክ ይጠየቃል። ጥያቄዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ አባል ነዎት ወይ? ቅጹን የፈረሙት እርስዎ ነዎት? መዋጮውን ማን ከፈለ? ደዋዮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ከዚህ ዕጩ፣ አንዱ ከዚያኛው። መልሱ በሁለቱም ፊርማ ይመዘገባል። ስልኩን ያላነሳ ሰው ወዲያው አይሰረዝም፤ ሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት ይደወልለታል፣ ለቅርንጫፉም ስሙ ይላካል።

ያ ሳምንት አድካሚ ነበር። አንዳንዱ «አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ጻፈልኝ እንጂ የፈረምኩት ራሴ ነኝ» ይላል። ስሙ ይቆያል። አንዷ ወጣት የፓርቲያችንን ስም ስትሰማ ተናደደች፤ ማንም አልጠየቃትም። አንድ ሽማግሌ ደግሞ አባል መሆናቸውን ከእኛ ሲሰሙ ደስ አላቸውና ስለ ፓርቲው ብዙ ጠየቁን። እሳቸውን መሰረዝ በጣም ከበደኝ። ግን ቅጹን እሳቸው አልፈረሙም። አዲስ ቅጽ በፖስታ ላክንላቸውና ለቀጣዩ ጊዜ ተመዘገቡ።

በትናንሾቹ ቅርንጫፎችም ችግር አገኘን። ቁጥሩ ያነሰ ቢሆንም ነበር። እሱም በዝርዝሩ ገባ።

የታዋቂው ዕጩ ደጋፊዎች በጣም ተቆጡ። በኮሪደር ሳልፍ ሰላምታ የነሱኝ ሰዎች ነበሩ። «ተገዝቷል» ተባልኩ። አንድ ቀን ዕጩው ራሱ ክፍላችን መጣ። ሊጮህብኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «የኔን ብቻ ነው ያጣራችሁት?» አለኝ። የሁሉንም ቅርንጫፍ ዝርዝር ከነፊርማው አቀረብኩለት። የራሱ ወኪል የፈረመበትን ገጽ ደጋግሞ አየ። ከዚያ ተነስቶ «ጨርሱት» ብሎ ወጣ። ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት የጀመረው ያን ቀን ነው።

ድምፅ ተሰጠ። ታዋቂው ዕጩ አሸነፈ። ግን የሚሰማው ሁሉ እንደጠበቀው በሰፊ ልዩነት አልነበረም። የድምፅ ልዩነቱ ከመዝገቡ ካወጣናቸው ስሞች ቁጥር ያንስ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። እነዚያ ስሞች በመዝገቡ ቢቆዩ ኖሮ አሸናፊው ያው ነበር። ሰፋ ባለ ልዩነትም ያሸንፍ ነበር። ሴትዮዋ ግን ያንን ድል በፍጹም አታምነውም፤ እውነቷንም ነው። በአንድ እጅ የተጻፉት ቅጾች አንድ ቀን መውጣታቸው አይቀርም። ያኔ ያለ እነሱ ያሸንፍ ነበር ብሎ ማስረዳት የሚችል ማንም የለም። የሰውየውን ድል ያዳነው ደጋፊዎቹ የተቆጡበት ያ ማጣራት ነው።

በማግስቱ የተሸናፊዋ ወኪል መጣ። የመዝገቡን ቅጂ፣ የስልክ ማጣሪያውን፣ የየጣቢያውን የቆጠራ ቅጽ ጠየቀ። ሁሉንም ሰጠሁት። እስኪመሽ ተቀምጦ አነበበ። ሁለት ቦታ የድምር ስህተት አገኘ፤ አብረን አረምነው፣ ውጤቱን አልቀየረም። በማግስቱ ሴትዮዋ ለደጋፊዎቿ ውጤቱን እንደተቀበለች ነገረች።

ዩኤምፒ የተባለውን የፈረንሳይ ቀኝ ዘመም ፓርቲ አስታወስኩ። ኒኮላ ሳርኮዚ በ2012 የፕሬዚዳንት ምርጫውን ካጣ በኋላ ፓርቲው በኅዳር ወር ሊቀመንበር መረጠ። ከ170,000 በላይ አባላት ድምፅ ሰጥተው ዣን-ፍራንሷ ኮፔ ፍራንሷ ፊዮንን በ98 ድምፅ በለጠ ተባለ። ከቀናት በኋላ ኒው ካሌዶኒያን ጨምሮ የሦስት የባሕር ማዶ ግዛቶች ድምፅ በድምሩ ውስጥ እንዳልገባ ታወቀ። ክሱና ቅሬታው ቀጠለ። ፊዮን በፓርላማው የራሱን ቡድን አቋቋመ። በስምምነት እስኪፈርስ ድረስ አንዱ ፓርቲ ለሳምንታት በሁለት ቡድን ተቀመጠ። እነዚያ ሰዎች በሐሳብ የዚያን ያህል የተራራቁ አልነበሩም። ቆጠራውን የሚያምኑት አካል ግን አልነበራቸውም።

የእኛ ፓርቲ አልተከፈለም። አዲሱ ሊቀመንበር ሴትዮዋን የሽንፈቱን ምክንያት የሚያጠና ቡድን መሪ አደረጋት። ብዙዎቹ አማካሪዎቹ አልወደዱትም። እኔ ግን በጽሑፌ መጨረሻ ያሰፈርኩት የጀርመኖቹ ቀጣይ ታሪክ ትንሽ ሳያግዝ አልቀረም ብዬ አስባለሁ። በ2019 እነዚያው ሶሻል ዴሞክራቶች 23 ክልላዊ መድረኮች አዘጋጅተው፣ ዕጩዎችን አከራክረው፣ በአባላት ድምፅ ሁለት ተባባሪ ሊቀመናብርት መረጡ። ሳስኪያ ኤስከንና ኖርበርት ቫልተር-ቦርያንስ በ53 በመቶ አሸነፉ። ከተሸነፉት አንዱ ኦላፍ ሾልስ ነበር። አሸናፊዎቹ አልገፉትም። በቀጣዩ ዓመት የመራሔ መንግሥትነት ዕጩ አድርገው አቀረቡት። በ2021 ፓርቲው በ25.7 በመቶ አንደኛ ወጣ፤ ሾልስም መራሔ መንግሥት ሆነ።

እኛ እዚያ አልደረስንም። በቀጣዩ ምርጫ ጥቂት መቀመጫ መለስን፣ ያጣነውን ሁሉ አይደለም። የሴትዮዋ ቡድን ያቀረበው ጥናት የሚያም ነበር። መራጩ የተወን በመሪው ምክንያት ብቻ እንዳልሆነ፣ በየአካባቢው ለዓመታት ማንም በሩን እንዳላንኳኳ ይናገራል። መዝገቡ ውስጥ ስም ነበር፤ ሰው ግን አልነበረም። ጥናቱ ከመሪው ምርጫ በፊት ቢመጣ ኖሮ ክርክሩ ሁሉ የተለየ ይሆን ነበር። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

በጉባኤው ሁለት የደንብ ማሻሻያ ቀረበ። አንደኛው የመራጮች መዝገብ ዕጩዎች ከመታወቃቸው በፊት ይዘጋል ይላል። ሁለተኛው የቅርንጫፎች የተወካይ ቁጥር በተመዘገበው ስም ሳይሆን መዋጮውን በራሱ ስም በከፈለው አባል ብዛት ይሰላል ይላል። ያቀረበችው ሴትዮዋ ናት፤ ሊቀመንበሩም ደገፈ። ያ ትልቅ ቅርንጫፍ ሁለቱንም ተቃወመ። የመጀመሪያው አለፈ፣ ሁለተኛው በጥቂት ድምፅ ወደቀ። እንደገና ለማቅረብ ፊርማ እያሰባሰብን ነው።