በየትኛው በር እንገባለን?

ማክሰኞ ማታ

ትኬቶቹ ሁለት ናቸው፤ እናቴ የጸሎት መጽሐፏን በምታኖርበት ሣጥን ውስጥ፣ ከታጠፈው ነጠላ ሥር አስቀምጫቸዋለሁ። ቅዳሜ ማታ በፋሲል ግቢ የሚዘፍነውን ሰው ስም ግን በዚህ ደብተር ላይ አልጽፍም። ከአራት ዓመት በፊት በዚሁ ከተማ ሜዳ ላይ ይዘፍናል የተባለ ጊዜ ስሙን በትልልቅ ፊደል ጽፌ፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አስምሬበት ነበር። በዕለቱ ዝናቡ መጣ፤ መብራቱ ጠፋ፤ እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት በጭቃ ውስጥ ቆመን አንዲት ዜማ እንኳ ሳንሰማ ወደየቤታችን ተመለስን። አዘጋጆቹ ገንዘባችሁ ይመለሳል ብለውን ነበር፤ እስከ ዛሬ በመመለስ ላይ ነው።

በዚህ ዕድሜዬ አንድ የሙዚቃ ምሽት ልቤን ይህን ያህል በማንጠልጠሉ ማፈር ይገባኝ እንደሆነ አስቤበት ነበር፤ አላፈርኩም። ይህን ሰው ከዐሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ በካሴት፣ ኋላ በሲዲ፣ አሁን ደግሞ በስልኬ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ፊት ለፊት ግን አይቼው አላውቅም። ግቢውንም ከልጅነቴ ጀምሮ በየዕለቱ በአጠገቡ ሳልፍ ኖሬአለሁ፤ ከመሸ በኋላ ግን እግሬ ረግጦት አያውቅም።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት መሄዱን ትቼ፣ መግቢያ ከፍዬ ወደ ውስጥ ጎራ አልኩ። ሣሩ ላይ የመድረኩን ብረት አራግፈውታል፤ ሁለት ወጣቶች ጥቅልል ገመድ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። እነርሱን አልፌ ዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ወዳሠሩት የዘፈን ቤት ሄድኩ። ዳዊት የነገሡት ከ1716 እስከ 1721 እ.ኤ.አ. አምስት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ በመርዝ እንደሞቱም ይነገራል፤ በዚያች አጭር ዘመን ግን መንፈሳዊውም ዓለማዊውም ዜማ የሚሰማበት አዳራሽ አቁመው አልፈዋል። ከእርሳቸው በፊት ፋሲል ግንቡን፣ ጻድቁ ዮሐንስም ቤተ መጻሕፍቱን አሠርተው ነበር፤ እኒህኛው ንጉሥ ለጆሮ ቤት ሠሩ። ዛሬ አዳራሹ ጣሪያ የለውም፤ ቀና ሲሉ ሰማዩና አሞራው ነው የሚታየው።

ከአንዱ መስኮት ሥር እጄን አሳረፍኩ። ድንጋዩ ከሰዓት በኋላ የጠጣውን ፀሐይ ገና አልተፋም፤ ሞቅ ይላል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ኖራ አንዳንድ ቦታ ላይ ጠንክሮ እንደ አጥንት ሆኗል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ እንደ ቆየ ቂጣ ይፈረፈራል። ጣቴን ሳነሣ ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት ይዞ ተነሣ። በቀሚሴ ልጠርገው ብዬ ተውኩትና መንገዱን ሁሉ ጣቴን አቁሜ ሄድኩ።

ያን ዱቄት ካየሁ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጣሊያን ግቢውን የጦር ማዘዣ አድርጎት ስለነበር በ1941 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለውበታል። ጣሊያኖቹ ራሳቸው አድሰነዋል ብለው የለጠፉበትን ሲሚንቶ ደግሞ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነቅሎ በኖራ መተካት አስፈልጓል። ይህን ሁሉ ያሳለፈ ግንብ የእኛን ድምፅ ማጉያ አያቅተውም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ለእኔ ግን ብዙ የቻለ ሽማግሌ ላይ ተጨማሪ ሸክም እንደ መጫን ነው። በሩ ላይ ያገኘሁትን ጥበቃ ጠየቅሁት።

«አይስጉ፣ እትዬ» አለኝ፤ «ግንቡ ላይ ሚስማር እንኳ አይመታም። ስፒከሩም ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ ነው የሚቆመው።»

አመስግኜው ወጣሁ። ይሁን እንጂ ጎርናናው ድምፅ ፊትና ጀርባ እንደማያውቅ ከሠርግ አዳራሽ አጠገብ የምንኖር ሰዎች እናውቀዋለን፤ የእኛ ቤት ብርጭቆዎች ጥር በገባ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ሲጨፍሩ ነው የሚያድሩት። እንደ እኔ ፍላጎት ቢሆን ኖሮ በዚያ ጣሪያ በሌለው አዳራሽ ውስጥ አንድ መሰንቆ፣ አንድ ክራርና አንድ ዋሽንት ብቻ ይዞ፣ ያለ ማይክራፎን ቢዘፍን ነበር የምመርጠው። ያኔ ግን አዳራሹ የሚይዘው ጥቂት ሰው ስለሚሆን ለእኔ ትኬት እንደማይደርሰኝ ስለማውቅ ሐሳቤን ለማንም አልነገርኩም።

ረቡዕ

ፒያሳ ካለው ከጓደኛችን ሱቅ ጓሮ ቡና ተፈልቶ ነበር። አምስት ነን፤ አምስታችንም ያን የጭቃ ምሽት አብረን ያሳለፍን ነን፤ ስለዚህ ደስታችን ውስጥ ጥርጣሬ እንደ ቅመም ገብቶበታል። አንደኛው በጥር ዝናብ እንደማይዘንብ ያስረዳል፤ ሌላዋ ጄኔሬተር መኖሩን በዓይኗ እንዳየች ትምላለች። የመጀመሪያው ዘፈን የትኛው ይሆናል የሚለው ክርክር ከአቦል ተነሥቶ እስከ በረካ ዘለቀ፤ መቋጫም አላገኘም። አንዱ ደግሞ «ድምፁ ወርዷል ይላሉ» ብሎ ጸጥ አሰኘን። ቢወርድስ? እኛም ከአራዳ ገበያ ዘንቢል ይዘን ዳገቷን ስንወጣ ሁለት ጊዜ እንቆማለን፤ ዘፋኙ ብቻውን ሃያ ዓመቱ ላይ እንዲቆይልን መጠየቅ ግፍ ነው።

ከሁሉ የጣፈጠው ወሬ የበሩ ነው። ትኬቱ ላይ ሰዓት እንጂ መግቢያው አልተጻፈም። የግቢው ቅጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ሲሆን 12 በሮች አሉት፤ ብዙዎቹም ማን ይገባባቸው እንደነበር በስማቸው ይናገራሉ፤ በወንበር በር ዳኞች፣ በባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ፣ በአደናግር በር ጥጥ ፈታዮች፣ በእምቢልታ በር ሙዚቀኞች። አስጎብኚ የሆነው ጓደኛችን እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የሌለው ረጅም መሣሪያ መሆኑን፣ አንዱ ነፊ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣ ዜማው የሚሞላው ሦስቱ እየተቀባበሉ ሲነፉ መሆኑን አስረዳን። ስለዚህ፣ አለ፣ የዘፋኝ ወዳጆች በእምቢልታ በር ካልገቡ በሌላ በር መግባታቸው ሥርዓት ማፍረስ ነው።

ባለሱቋ ግን ስኒዋን አስቀምጣ «እኛማ በተዝካሮ በር ነው የሚገባን» አለች፤ «የዛሬ አራት ዓመት የሞተብን ገንዘብ ተዝካሩ ሳይወጣ ቀርቷል።»

እስክናነባ ሳቅን። እኔ ግን ቤት ስገባም ስለ እምቢልታው ነበር የማስበው፤ አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ፣ ተራው እስኪደርስ ትንፋሹን ቆጥቦ ስለሚጠብቀው ሰው። አፄዎቹ ከግቢው ሲወጡ ከነጋሪቱ ጋር የሚሰማው የእርሱ ድምፅ ነበር፤ በሩም የተጠራው በመሣሪያው ነው።

ሐሙስ ማታ

የሁለተኛው ትኬት ባለቤት እናቴ ናት፤ እስከ ትናንት ግን አልወሰነችም ነበር። ወደ ግቢው የምትቀርበው ለጥምቀት ታቦት ሲወርድና ሲመለስ ነው፤ በሌሊት ለዘፈን መውጣት አይዋጥላትም። «የነገሥታት ቤት ውስጥ ጭፈራ ምን የሚሉት ነው?» ትለኛለች። ስለ ዳዊት የዘፈን ቤት በዝርዝር ነገርኳት፤ ንጉሡ ራሳቸው ዜማ ይወዱ እንደነበርና አዳራሽ እንዳቆሙለት። በጥሞና ሰማችኝና፣

«እሳቸውም ለዚህ ይሆናላ አምስት ዓመት ብቻ የነገሡ!» ብላ ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

ዛሬ አመሻሽ ላይ ከግቢው አጠገብ ባለው በጃን ተከል በኩል ሳልፍ ድምፅ ማጉያውን ሲሞክሩ ደረስኩ። መጀመሪያ አንድ ሰው ቁጥር እየቆጠረ ሰማዩን አስጨነቀው፤ ቀጥሎ አንድ ባለመሰንቆ ብቻውን ክሩን መቃኘት ጀመረ። ጭራው ገና አልጠበቀም፤ ድምፁ ወደ ታች እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ እንደገና ያጠብቀዋል፤ እንደገና ይስበዋል። ቅጥሩ ውስጥ ባሉት ዛፎች ላይ ያረፉት ወፎች ተንጫጩ። አጠገቤ የቆመው ባለባጃጅ ሞተሩን አጠፋ፤ ከኋላ የተሳፈሩት ሁለት ሴቶችም እንሂድ አላሉትም። በመጨረሻ ቅኝቱ ያዘለትና ወደ ትዝታ አዘነበለ፤ ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጫውቶ አንድ ሰው «ይበቃል» ሲለው ተቋረጠ። ያ ኖራ ትዝ አለኝ፤ ለመሰንቆው ግን ስጋት አልተሰማኝም።

ቤት ስደርስ እናቴ ውጭ ነበረች። ወፍራሙን ጋቢዋን ገመድ ላይ አስጥታ ስትሰበስበው አገኘኋት። ምንም አልጠየቅኋትም፤ እርሷም ወደ እኔ ሳትዞር ጥለቱን ከጥለቱ እያጋጠመች ማጠፍ ቀጠለች።

«ለቅዳሜ ማታ ብርዱን አልችለውም ብዬ ነው» አለች። «ለመሆኑ በየትኛው በር ነው የምታስገቢኝ? ጉልበቴ ደረጃ አይወድም።»

«ገና አልነገሩንም፣ እማዬ» አልኳት።

«ቀድመሽ ጠይቂ እንጂ!» ብላ ጋቢውን በእጄ ላይ ጣለችው፤ ገና የፀሐዩ ሙቀት አለቀቀውም ነበር።